የእጅጌ መተኮሻዋ መርከብ

«ጅምሩ» የሚለውን ስም ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት። ያወጣችለትም ገና በስምንት ዓመቱ፣ የወፍ ቤት እሠራለሁ ብሎ ሦስት ግድግዳ አቁሞ አራተኛውን የተወ ዕለት ነው። ክፍት የቀረው ጎን ለወፏ በር ነው ብሎ ቢከራከርም ሰሚ አላገኘም። ስሙ ተጣበቀበትና ይኸው እስከ ስልሳ ሦስት ዓመቱ አብሮት ዘለቀ። እውነቱን ለመናገር፣ እሱም ስሙን ለማስለወጥ ብዙ አልደከመም። ቤቱ ውስጥ እስከ ግማሹ ብቻ ቀለም የተቀባ ኮሪደር አለ፤ ቀሪው ግማሽ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ብሩሽ ሲጠብቅ ኖሯል። ከአልጋው ሥር ደግሞ አኮርዲዮን አለ። የአንድ ዘፈን መግቢያ አሳምሮ ይጫወትበታል፤ ከመግቢያው ወዲያ ያለውን ግን አልደረሰበትም።

በመሥሪያ ቤቱ እንዲህ አልነበረም። ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ አንድም መንጋጋ ግማሽ ላይ ትቶ አያውቅም። አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው እያለ እንዴት ተደርጎ ይተዋል? የእሱ ችግር የሚጀምረው የሚጠብቀው ሰው ሲጠፋ ነው።

ጡረታ ከወጣ በኋላ የያዘው ሥራ ትናንሽ መርከብ መሥራት ሆነ። የልጅ መጫወቻ አይደለም። እውነተኛዋን መርከብ ሃምሳ ጊዜ አሳንሶ፣ ከነምሰሶዋ፣ ከነገመዷ፣ ከነመሰላሏ መሥራት ነው። መጀመሪያ እንደ ጎድን አጥንት ያሉ ቋሚዎች ይደረደራሉ፤ በእነሱ ላይ ስስ ስስ ጣውላ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየታጠፈ ይለበሳል። አራት መርከብ ጀምሯል። አራቱም መደርደሪያው ላይ አጥንታቸውን አግጥጠው ተቀምጠዋል፤ አንዷም ጣውላ አልለበሰችም። እሱ ራሱ ባሕር ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ መዋኘትም አይችልም።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠዋለች፤ እናታቸው ሥራ ስትውል አዝላ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች እስከ ዛሬ «እትዬ» እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። አንድ በር ያላት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አርባ ዘጠኝ ዓመት ሰፍታለች። አሁን ጉልበቷ ደረጃ እንቢ አላት፤ ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጇም «በቃሽ እማዬ፣ እኔ ጋ ትመጫለሽ» ብላ ቆረጠች። ሱቁ ሊዘጋ ሦስት ወር ሲቀረው ነው እትዬ አንድ ነገር በጨርቅ ጠቅልላ ወንድሟ ቤት የመጣችው።

ጨርቁን ስትፈታው የእጅጌ መተኮሻዋ ወጣች። ጅምሩ ገና ሲያያት አወቃት። ከልጅነቱ ጀምሮ በዚህች ጣውላ ላይ ስንት ሺህ እጅጌ ሲጠልቅና ሲተኮስ አይቷል።

የጣውላዋ ታሪክ አጭር ነው። አባታቸው የመርከብ አናጢ ነበር። ከሩቅ ሞቃት አገር ግንድ በምታመላልስ የእንጨት መርከብ ላይ ሃያ ዓመት ሠርቶ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ቤቱ ሲመለስ አንዲት ጥቁር ጣውላ በብብቱ ሥር ይዞ ገባ። ዞጲ ነው። ጥቁር ሆኖ ድፍን፣ ለመጠኑ የሚከብድ፣ ውሃ ውስጥ ሲጥሉት ተንሳፎ እንደመቅረት ቁልቁል የሚሰምጥ እንጨት። አባትየው አንዱን ጫፏን ክብ አድርጎ አለሰለሰና ስፌት ለጀመረችው ልጁ እጅጌ መተኮሻ አደረገላት። እሷም በየቅዳሜው እርጥብ ጨርቅ አንስታ ትወለውላታለች፤ ከዚያ ጥቂት ዘይት ታስነካታለች። አንድም ቅዳሜ ዘላ አታውቅም።

«ይችን ውሰድና የአባባን መርከብ ሥራልኝ» አለችው።

«እትዬ፣ የምርሽን ነው?»

«ልጄ ቤት እጅጌ የሚተኩስ የለም። እዚያ ሄዳ የበር መደገፊያ ከምትሆን አንተ እጅ ብትሆን ይሻላል ብዬ ነው። ግን ሱቁ ሳይዘጋ ይለቅ፤ ይዣት ነው የምሄደው።»

«አደርሳለሁ።»

«ሌላም አለኝ። አንዲት ቁራጭ እንዳትጥል። አባባ ይችን ይዞ ሲመጣ ለራሱ ጫማ አልነበረውም።»

ጅምሩ እጁን ጣውላዋ ላይ ጫነ። «ከታች እስከ ላይ ያለው ልብሷ በሙሉ ከዚችው ይሆናል። ሌላ እንጨት አይነካትም። ቃሌ ነው።»

«ቃልህንማ አውቀዋለሁ» አለች እህቱ። «እኔ የምፈልገው መርከቧን ነው።»

ጅምሩ አልተቀየማትም፤ ልቡ ሞልቶ ነበር። በስልሳ ሦስት ዓመቱ እህቱ የመጀመሪያውን አደራ ሰጠችው። ይህንን ሥራ ቢጨርስ ስሙ ይለወጣል ብሎ አይደለም፤ ግን ያቺ ሴት አንድ ቀን እሱ የሠራውን ነገር አይታ «አልቋል» ስትል መስማት እንደሚፈልግ ራሱ ያውቅ ነበር። አምሳ ዓመት ሲፈልገው የኖረው ነገር ነው።

በማግስቱ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ተቀመጠ። የመርከቧ አንድ ፎቶግራፍ አለ፤ ከቀኝ ጎኗ የተነሳች ናት፣ አባታቸው ከላይ የጤፍ ቅንጣት አክሎ ይታያል። ከፎቶግራፉ ለክቶ የጎኖቿን ልክ አወጣ። ለአንድ ጎን ሃያ ሁለት ስስ ጣውላ፣ ለሁለቱ አርባ አራት። የመተኮሻዋ ወርድ መቶ አሥር ሚሊ ሜትር ነው። እያንዳንዷ ስስ ጣውላ ሁለት ሚሊ ሜትር ትሆናለች። መቶ አሥር ለሁለት ሲካፈል አምሳ አምስት። አሥራ አንድ ይተርፋል፤ ሲታጠፍ የሚሰበረውን ይሸፍናል። ጅምሩ ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ደገመው፤ ሁለቴም ልክ መጣለት። ከደስታው ብዛት ለራሱ ሻይ አፈላ።

ሠፈራቸው ጥግ ላይ አንድ አናጢ አለ። በርና መስኮት የሚሠራ፣ ትልቅ ክብ መጋዝ ያለው፣ ጆሮው ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የድምፅ መከላከያ የማይለየው ሰው። ሰው ሲያናግረው አንዱን ጆሮ ብቻ ገለጥ አድርጎ ይሰማና መልሶ ይከድናል።

«ሁለት ሁለት ሚሊ፣ እስከ መጨረሻው ሰንጥቅልኝ» አለው ጅምሩ።

«በዚህ መጋዝ?»

«በዚህ መጋዝ። በእጄማ ብሰነጥቀው ዓመት ይፈጃል።»

አናጢው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ጆሮውን ከደነ። የታዘዘውን የሚሠራ ሰው ነው፤ የደንበኛን ሒሳብ አይፈትሽም። መጋዙ ጮኸ። ጥቁር አቧራ ተነሳ፣ ጅምሩም ደጅ ወጥቶ አስነጠሰ። ዞጲ ሲሰነጠቅ አፍንጫ ውስጥ እንደ በርበሬ ነው። ጸጥ ሲል ተመልሶ ገባ። አናጢው ስሶቹን ጣውላዎች በገመድ አስሮ እጁ ላይ አኖረለት። ጅምሩ ቆጠረ። ሃያ ሁለት።

«ሌላውስ?»

አናጢው አንድ ጆሮውን ገለጠ። «የቱ ሌላው?»

«ሠላሳ ሦስት ይቀራል።»

«አይቀርም። ይኸው ነው።»

«አምሳ አምስት ነው መሆን ያለበት። ለክቻለሁ።»

አናጢው መጋዙን አየ፣ ጅምሩን አየ፣ ከዚያ በአገጩ ወደ መሬት አሳየው። ከመጋዙ ሥር የቁርጭምጭሚት ከፍታ ያለው ጥቁር ዱቄት ተከምሯል። «ሌላው እሱ ነው» አለ። «የዚህ መጋዝ ጥርስ ሦስት ሚሊ ይበላል። ሁለት በሰጠህ ቁጥር ሦስት ይወስዳል። በስስ የእጅ መጋዝ ቀስ ብለህ ብትሄድበት ኖሮ አርባ አራቱን ታገኝ ነበር። አስበህበት መስሎኝ።»

ጅምሩ ክው አለ። ሠላሳ አራት ዓመት ጥርስ ሲሠራ ኖሮ የመጋዝ ጥርስ አመለጠው። አይፈረድበትም ልበል? የጥርስ ሥራ መጨመር ነው፤ ሰም በሰም ላይ፣ ሸክላ በሸክላ ላይ ይነባበራል፣ ምንም የሚባክን የለም። መቁረጥ ራሱ እንደሚበላ የሚያስተምረው ሰው ሳያገኝ ቀርቶ ግን አይደለም። ልብስ ሰፊ ቤት ነው ያደገው። ቢፈረድበት ይሻላል።

መጥረጊያ ተዋሰና ዱቄቱን አንድም ሳያስቀር ጠርጎ ክዳን ያለው ትልቅ የማር ብርጭቆ ውስጥ ከተተው። መርከብ የሚሠሩ ሰዎች ዱቄቱን ከሙጫ ጋር ለውሰው ስንጥቅ ይደፍኑበታል፤ እሱ ግን ስለዚያ አላሰበም። የእህቱን አደራ አናጢ ቤት መሬት ላይ ጥሎ መሄድ አቅቶት ነው። ከዱቄቱ ሌላ፣ ከክቡ ጫፍ የተረፉ ሁለት የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ቁራጮችም ነበሩ፤ እነሱንም ኪሱ ከተተ።

በሚቀጥለው ቀን እንጨት ሻጩ ዘንድ ሄደ። ሻጩ ከባንኮኒው ወዲያ ተቀምጦ ራሱን ወዘወዘ።

«ዞጲ? እሱ ድሮ ቀረ ጌታዬ። ዛፉ ተጨፍጭፎ አልቆ አሁን እንዳይቆረጥ ተከልክሏል። አንድ ክንድ እንጨት ይዘህ ድንበር ብታልፍ ከየት አመጣኸው ብለው ወረቀት ይጠይቁሃል። የድሮ ፒያኖ ፈተህ ካላገኘህ በቀር የለም።»

«ትንሽም ብትሆን? ሃያ ሁለት ስስ ጣውላ ብቻ ነው።»

ሻጩ ከመደርደሪያው ፈዛዛ እንጨትና አንድ ጠርሙስ ጥቁር ቀለም አወረደ። «ይሄን በዚህ ንከረው። ወላጅ እናቱም አትለየውም።»

ጅምሩ ጠርሙሱን እያየ ቆመ። ለእትዬ ስልክ ደውሎ «አበላሸሁት» ቢል ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ያልቅ ነበር። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። አላወጣውም። እንጨቱንና ጠርሙሱን ይዞ ወጣ።

ሥራው ተጀመረ። ቋሚዎቹን ማቆም ይችልበታል፤ አራት ጊዜ አቁሟላ። ቀጥሎ ቀኝ ጎን መጣ፤ ፎቶግራፉ ላይ የምትታየው፣ እውነተኛው ዞጲ የሚለበስባት። ዞጲ በባሕርዩ መታጠፍ አይወድም፤ ካስጨነቁት ይሰበራል። ጅምሩ እያንዳንዷን ጣውላ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ያሳድራትና ጠዋት በጋለ ቧንቧ ላይ ቀስ አድርጎ ያጎብጣታል። ሚስማር የሚገባበትን ቀዳዳ በድሮው የጥርስ መሰርሰሪያው ይበሳዋል። ሃያ ሁለት ቦታ፣ ሃያ ሁለት ጣውላ። ትርፍ የለም። አንዷ ብትሰበር አለቀለት። በቀን አንድ ብቻ ይሠራል። ከወር በኋላ ቀኝ ጎን አንድም ጣውላ ሳይሰበር ተለበሰ። በዘይት ሲያሻት አበራች። በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ አውቆታልም።

ግራው ጎን በስድስት ቀን አለቀ። የተነከረው እንጨት እንደ ፈለጉት ይታጠፋል፣ ቢሰበርም ሌላ አለ። ዘይት አስነካውና ራቅ ብሎ አየው። ቀኝና ግራ አንድ መሰሉ። ሻጩ እውነቱን ነው።

እትዬ በየሳምንቱ ትደውላለች። «ጣውላዬ እንዴት ሆነች?»

«እያማረባት ነው።»

ውሸት አይደለም፤ ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን ስልኩን በዘጋ ቁጥር ምሳውን ገፋ አድርጎ ይነሳል። ሱቁ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ራሱ ደወለ።

«እትዬ፣ አልቋል።»

«ምን አልክ?»

«አልቋል።»

«እመጣለሁ» አለች።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ መጣች። ዕቃ ልታስርላት የመጣችው ልጇ መኪናዋን ደጅ አቁማ እዚያው ጠበቀቻት። እትዬ በጠረጴዛው ዙሪያ እያነከሰች ዞረች። አላመሰገነችም፣ አልነቀፈችም፤ ልብስ ለክታ እንደምታይ ዓይኗን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደች። ከዚያ ከቦርሳዋ የጎን ኪስ መወልወያ ጨርቋን አወጣች። ያ ጨርቅ ከእጇ አይለይም። ቧንቧ ከፍታ አረጠበችው፣ ጨመቀችውና የመርከቧን ቀኝ ጎን እንደ ልጅ ፊት ጠረገችው። ጨርቁን ገልብጣ አየችው። ንጹሕ ነው።

«ደህና» አለችና መርከቧን አዞረቻት።

ጅምሩ ነገሩ የገባው ያኔ ነው። እጁን ዘርግቶ «እትዬ፣ እሱን ተይው፣ ገና ዘይቱ…» ሲል እሷ ጠርጋ ጨርሳለች። ጨርቁን ገለበጠች። ጥቁር መስመር ተጋድሞበታል። ሌላ ንጹሕ እጥፋት ፈልጋ ደገመችው። አሁንም ጥቁር ወጣ። አርባ ዘጠኝ ዓመት በየቅዳሜው የወለወለቻት ጣውላ አንድም ቀን ጨርቋን አቆሽሻ አታውቅም።

ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ። አልተቆጣችም። ጨርቁን ጥቁሩን ወደ ውስጥ አድርጋ በአራት አጠፈችና ቦርሳዋ ከተተችው።

«ሻይ ላፍላልሽ?»

«ልጄ እየጠበቀችኝ ነው።»

እስከ በር ሸኛት። ግማሹ ቀለም የተቀባውን ኮሪደር አልፋ፣ በሩን ይዛ፣ ፊቷን ሳታዞር «ሲያልቅ ጥራኝ» አለችው።

ጅምሩ ተመልሶ መርከቧ ፊት ተቀመጠ። አፈረ። ብትሰድበው በወደደ። ስለ መጋዙ አይደለም ያፈረው፤ ስህተት የሰው ነው። ያሳፈረው፣ ያቺ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ አምናው ስትመጣ «አልቋል» የሚለውን ቃል በውሸት ማባከኑ ነው። ከሰዓት በኋላውን እዚያው ዋለበት። ሲነሳ ግን የሚያደርገውን ያውቅ ነበር።

በማግስቱ የድሮ የሰም ማንኪያውን በእሳት አጋለና ከግራው ጎን የመጀመሪያ ጣውላ ሥር አስገባው። ሙጫው ለቀቀ። ሃያ ሁለቱንም በሁለት ጠዋት ልጦ ጨረሰና ለአናጢው ምድጃ ሰጠው። መርከቧ በቀኝ ጎኗ ለብሳ፣ በግራ አጥንቷን አግጥጣ ቆመች። መደርደሪያው ላይ ካሉት ከአራቱ ጋር ቢያሰልፋት አምስተኛዋ ናት ብሎ የሚምል ሰው አይጠፋም።

ግን በክፍቱ ጎን በኩል ወደ ውስጥ ሲያይ ሆዷ ባዶ መሆኑ ከነከነው። አባታቸው ሃያ ዓመት የሠራው ከላይ ቆሞ አይደለም፤ ፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ለአንዲት ደቂቃ ወጥቶ ነው። ዕድሜው ያለቀው ውስጥ ነው፤ ሲያሽግ፣ ሲደፍን፣ ሲጠግን። ጅምሩ በቀሩት ሳምንታት የወለል ጣውላ አነጠፈ፣ መሰላል አቆመ፣ መሃል ላይ ግንድ የሚጫንበትን ክፍል በዝቅተኛ ግድግዳ ከበበው። ይህንን ሁሉ ቋሚዎቹ በተሠሩበት ፈዛዛ እንጨት ሠራው፤ ቀለም አላስነካውም። የመጨረሻዎቹን ሁለት የዞጲ ቁራጮች አገናኝቶ የጣት ጫፍ የምታህል የአናጢ ጠረጴዛ ሠራ፤ እንጨት መቆንጠጫዋንም ከጥርስ ሽቦ አወጣላት። ጠረጴዛዋን የት እንደሚያስቀምጣት ግን አላወቀም። አባታቸው የት ይሠራ እንደነበር፣ የት ይተኛ እንደነበር እሱ አልጠየቀም፤ አባቱ ሲሞት ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። በጥጥ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት።

ሱቁ በሚዘጋበት ቀን ጠዋት መርከቧን አቅፎ፣ የማር ብርጭቆውን በከረጢት አንጠልጥሎ ሄደ። ሱቁ ውስጥ ካርቶን ተደራርቧል። የስፌት መኪናዋ በብርድ ልብስ ተጠቅልላለች። የእህቱ ልጅ ካርቶን በፕላስተር ትለጥፋለች፤ እትዬ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ክር በየቀለሙ ትጠቀልላለች። ጅምሩ መርከቧን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ ክፍቱን ጎን ወደ እህቱ አድርጎ አስቀመጣት። ከጎኗ ብርጭቆውን አኖረ። አፏን ከመክፈቷ በፊት ቀደማት።

«እትዬ፣ ጣውላዋ የበቃችው ለአንድ ጎን ብቻ ነው። ሌላው እዚህ ብርጭቆ ውስጥ ነው። መቶ አሥሩን ለሁለት አካፍዬ አምሳ አምስት አልኩ። መጋዙ ራሱ ሦስት እንደሚበላ አላሰብኩም። ከዚያ ስላፈርኩ የተነከረ እንጨት ለጥፌ አታለልኩሽ። አሁን አንስቼዋለሁ።»

እትዬ ብርጭቆውን አንስታ ጥቁሩን ዱቄት በብርሃን አየችው።

«ስትቆርጥ ለስፌት አልተውክም?»

«አልተውኩም።»

«ከትምህርት ቤት መጥተህ እዚህ ጠረጴዛ አጠገብ ስትቀመጥ ስንት ጊዜ ሰማኸኝ? ለስፌት ሳትተዉ አትቁረጡ፣ ለስፌት ሳትተዉ አትቁረጡ እያልኩ ስንቷን ለማጅ ሳስለቅስ?»

«ብዙ ጊዜ።»

አቀረቀረች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጅምሩ አስለቀስኳት ብሎ ደነገጠ። ልጇም ፕላስተሩን ጥላ ቀና አለች። እትዬ እየሳቀች ነበር። ዕንባዋ እስኪወርድ፣ ጉልበቷን ይዛ ሳቀች። «የልብስ ሰፊ ወንድም» አለች ትንፋሿ ሲመለስ፣ «የልብስ ሰፊ ወንድም!»

ከሳቋ ስትመለስ መነጽሯን አድርጋ በክፍቱ ጎን ወደ ውስጥ ጎንበስ አለች። ቆየች። ጣቷን በቋሚዎቹ መሃል አስገብታ ወለሉን ነካች፣ መሰላሉን ነካች።

ጅምሩ ጠረጴዛዋን ከጥጡ አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። «ቦታዋን አላውቀውም። አንቺ ጠይቀሽው ታውቂ እንደሆነ ብዬ ነው።»

እትዬ ጠረጴዛዋን በአውራ ጣቷ አሻሸቻት። ዞጲ መሆኗን ለማወቅ መነጽርም አላስፈለጋት።

«ከኋላ ነው» አለች። «ከመሰላሉ ሥር፣ በግራ በኩል። ቀን ይሠራበታል፣ ማታ ከሥሩ ይተኛል። ውሃውና ጆሮዬ መሃል ያለው አንድ ጣውላ ነው ይለኝ ነበር። አንድ ጣውላ ብቻ። እኔም ልጅ ሆኜ ያ ጣውላ ቢሰበርስ እያልኩ እንቅልፍ አጣ ነበር።»

መርፌ በለመደ እጇ ጠረጴዛዋን በሁለት ቋሚዎች መሃል አሾልካ ከመሰላሉ ሥር፣ በግራ በኩል አስቀመጠቻት። ጅምሩ ጣውላ ቢለብስበት ኖሮ ማንም የማያየው ቦታ ነው።

ከዚያ እትዬ መሃል ላይ ያለውን ክፍል በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

«ይሄስ ባዶውን የተቀመጠው ምንድነው?»

«የጭነቱ ክፍል ነው። ግንዱ የሚጫንበት።»

«ይቺ መርከብ ባዶዋን መጥታ አታውቅም» አለችና የብርጭቆውን ክዳን ከፈተች። ለልጇ «ማንኪያ አምጪልኝ» አለቻት። ማንኪያው ከተዘጋ ካርቶን ውስጥ ተፈልጎ መጣ። እትዬ ጥቁሩን ዱቄት በማንኪያ እየቀዳች፣ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች፣ የጭነቱን ክፍል እስከ አፉ ሞላችው። የመጨረሻውን ብርጭቆውን ገልብጣ አራገፈች። ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ብናኝ ሳይቀር በጣቷ ለቅማ ጨመረች። አንዲት ቁራጭ እንዳትጥል ያለችው እሷ ራሷ ናት።

«ያ የወፍ ቤት» አለች ክዳኑን እየገጠመች፣ «ያኔ ክፍቱ በር ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬሽ ነበር።»

«አልሰማሁህም።»

ጅምሩ አምሳ አምስት ዓመት ሲጠብቀው የኖረ ነገር ሲመጣ ዕንባው ዓይኑ ላይ መጣበት፤ ዞሮ የካርቶን ገመድ የሚያጠብቅ መሰለ።

የእህቱ ልጅ የመጨረሻውን ካርቶን ተሸክማ ስታልፍ መርከቧን አየቻትና ቆም አለች። «ጋሼ፣ ይሄኛው ጎን ገና ነው እንዴ? ሳይጨረስ ልንወስደው ነው?»

ጅምሩ አፉን ሊከፍት ሲል እትዬ ቀደመችው።

«አልቋል» አለች ክሯን እየጠቀለለች። «ማንም እንዳይነካው።»

ከሰዓት በፊት ዕቃው ሁሉ መኪናው ላይ ወጣ። ጅምሩ እህቱን ደግፎ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጣትና መርከቧን ከኋላ፣ በካርቶኖቹ መሃል ሊያደላድላት ሲል «ወዲህ በላት» አለችው። ጭኗ ላይ ተቀበለቻት። ክፍቱን ጎን ወደ ራሷ አዞረችው፣ አንድ እጇንም ከመሰላሉ በኩል፣ ጠረጴዛዋ እንዳትንሸራተት አስገብታ ያዘች። መኪናው ሲንቀሳቀስም እጇን አላወጣችም።